አይፒቪ6ን ላቭ ውስጥ ማስገባት፦ የጨርቅ ኳስ ጌሜ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 2018

እስኪ ከመጀመሪያው ልጀምር። ማታ ማታ ከሥራ መልስ የምሠራው አንድ ጌም አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የጨርቅ ኳስ ነው፣ ሁለት ለሁለት፣ ሜዳው አስፋልት ያልገባበት የሰፈር መንገድ፣ ጎሉ ሁለት ሁለት ድንጋይ፣ ኳሷ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆባት የተሰፋች። የምሠራው በላቭ ነው፣ በሉዋ የሚጻፍበት ነጻ የጌም ፍሬምወርክ፣ ቨርዥን 11.5። ኔትወርኩን የሚይዝልኝ ደግሞ ከላቭ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢኔት ነው። ኢኔት ዩዲፒ (ፓኬቱ መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልክ የኢንተርኔት ዘዴ) ላይ ቁጭ ብሎ የጠፋውን ፓኬት መልሶ ይልካል፣ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል፣ መጀመሪያውኑ ኪዩብ ለሚባል የተኩስ ጌም የተሠራ ስለሆነ ፍጥነት ለሚፈልግ ጌም ሁነኛ ነው።

ችግሩ እኔና የአክስቴ ልጅ ተገናኝተን መጫወት አለመቻላችን ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ እሱ ፍራንክፈርት። የኔ ቤት ኢንተርኔት በ5ጂ የሚመጣው ነው፣ ራውተሩ ውስጥ ገብቼ የውጭ አድራሻዬን ሳየው በ100.64 እና በ100.127 መሃል ያለ ነገር ነው፣ ያ ማለት አድራሻው የኔ አይደለም፣ ካምፓኒው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ቤት እያካፈለው ነው፣ ስለዚህ ፖርት ፎርዋርዲንግ (ከውጭ የመጣውን ወደ ኮምፒውተሬ የሚመራው) ባበራም ባጠፋም ለውጥ የለውም፣ ከኔ ራውተር በላይ ሌላ ናት (አድራሻ አካፋይ) አለ። የሱ ቤት ደግሞ በኬብል የሚገባ ኢንተርኔት ነው፣ ዲኤስ-ላይት የሚሉት ዓይነት፣ ጀርመን ውስጥ ብዙ ቤት እንደዚህ ነው፦ አይፒቪ6 (አዲሱ፣ ረጅሙ የኢንተርኔት አድራሻ) በቀጥታ ይሰጡሃል፣ አይፒቪ4ቱ (የድሮው፣ አጭሩ) ግን በአይፒቪ6 ተጠቅልሎ ካምፓኒው ጋ ሄዶ እዚያ ከሌላው ሰው ጋር ተጋርቶ ይወጣል። በቃ ሁለታችንም በር የሌለው ቤት ውስጥ ነን፣ መውጣት እንችላለን ማንም ግን ሊገባ አይችልም።

እስካሁን የተጫወትነው ኦሪገን ላይ በተከራየሁት ትንሽ ሪሌይ (መልእክት አስተላላፊ) ሰርቨር በኩል ነው። የሱ ኳስ ከፍራንክፈርት ተነስታ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ኦሪገን ደርሳ እንደገና ወደ ሜሪላንድ ትመለሳለች። ፒንጉ (ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ) 260 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፣ እኔ መትቼ እግሬ ከተመለሰ በኋላ ነው ኳሷ እሱ ጋ የምትንቀሳቀሰው። እንደዚህ ሆኖ ደግሞ ድሪብል ማድረግ አይታሰብም።

ዛሬ ጠዋት በስልክ እያወራን ድንገት "ቆይ አንተ አይፒቪ6 አለህ አይደል?" አልኩት። አለው። እኔም አለኝ። የላፕቶፑን አድራሻ ላከልኝና በቀጥታ ፒንግ አደረግኩት፣ 118። ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። መንገዱ አለ፣ ጌሙ ነው መንገዱን የማያውቀው፣ ምክንያቱም ላቭ 11.5 ውስጥ ያለው ኢኔት የሚያውቀው አይፒቪ4ን ብቻ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ይሄው ነው፦ የላቭን ሶርስ አውርጄ ውስጡ ያለውን ኢኔት እቀይራለሁ፣ እግረ መንገዴንም ሥራውን እዚህ እጽፋለሁ ሌላ ሰው ያው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ኢኔትን ከፍቼ መጀመሪያ የፈለግኩት አድራሻ የሚቀመጥበትን ስትራክት (የተለያዩ እሴቶች አንድ ላይ የሚታሰሩበት) ነው። ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ ሆስት፣ 32 ቢት ቁጥር፣ እና ፖርት፣ 16 ቢት ቁጥር። የአይፒቪ6 አድራሻ 128 ቢት ነው። አንድ ጣሳ ውስጥ አራት ጣሳ ጤፍ አይገባም።

ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። 32 ቢት ማለት ወደ 4.3 ቢሊዮን አድራሻ ነው፣ ያኔ የማያልቅ መስሎ ይታይ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በየካቲት 2011 የዓለም አቀፉ ማከማቻ የመጨረሻዎቹን ክፍልፋዮች ለአህጉሮቹ አከፋፍሎ ጨረሰ፣ አይፒቪ6 ግን ከዚያ በፊት ከ1995 ጀምሮ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው። ጌም ላይብረሪዎች ዘግይተው ነው የሚደርሱት፣ ሲሠራ የቆየ ነገር ማንም መንካት አይፈልግም።

ደስ ያለኝ ነገር፦ ኢኔት በሚልካቸው ፓኬቶች ውስጥ የራሱን አድራሻ አይጽፍም። ሄደሩ (የፓኬቱ መግቢያ) ውስጥ የፒር (በዚያኛው ጫፍ ያለው ተጫዋች) ቁጥርና ሰዓት አለ እንጂ አይፒ የለም። ስለዚህ እኔ ውስጡን ብቀይረውም በሽቦው ላይ የሚሄደው ያው ነው፣ አሮጌው ቨርዥን ያለው ሰው በአይፒቪ4 ከአዲሱ ጋር መነጋገር ይችላል። ጎዶት የሚባለው የጌም ኢንጂን ከ3.0 ጀምሮ ይሄንኑ አድርጓል፣ ኢኔትን ወስዶ ሆስቱን 16 ባይት አድርጎታል፣ ስለዚህ መንገዱ የተሞከረ ነው።

እኔም እንደዚያው ሆስትን 16 ባይት ያለው አሬይ (ተከታታይ ዝርዝር) አደረግኩት። ኮምፓይለሩ ጮኸ፣ አሬይን በእኩል ምልክት ለሌላ አሬይ መስጠት ሲ ውስጥ አይቻልም፣ በየቦታው እየሄድኩ በሜምኮፒ (ባይቶቹን በሚገለብጠው ፈንክሽን) ቀየርኩ፣ አስተካከልኩ፣ ከሰዓት በኋላ ያለ ምንም ኤረር ኮምፓይል ሆነ። አስነሳሁት። አይገናኝም። እዚያው አንድ ላፕቶፕ ላይ፣ ከራሱ ጋር፣ አይገናኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሁለት ማታ በላብኝ ግን አገኘሁት፣ ቀስ ብዬ ልጻፈው ምክንያቱም ከዚህ ሥራ ሁሉ ለሰው ላስተላልፈው የምፈልገው ይሄንን ነው።

ዋየርሻርክ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቼ ፓኬቶቹን አየሁ። ክላየንቱ "ልገናኝ" ይላል፣ ሰርቨሩ ይቀበልና "እሺ፣ አረጋግጥ" ብሎ ይመልሳል፣ መልሱ ክላየንቱ ጋ ይደርሳል፣ በዓይኔ እያየሁት ነው የደረሰው፣ ክላየንቱ ግን እንዳልሰማ ሆኖ እንደገና "ልገናኝ" ይላል። ይሄ እስኪደክመው ይቀጥላል። በሩ ላይ ቆሞ "ማነው" እያለ መልሱን የማይሰማ ሰው ማለት ነው።

ኢኔት ፓኬት ሲደርሰው የሚያደርገው አንድ ቼክ አለ፦ ፓኬቱ ከመጣበት አድራሻ ጋር የማውቀው ፒር አድራሻ አንድ ነው ወይ? አንድ ካልሆነ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ጥሩ ቼክ ነው፣ ሌላ ሰው በመሃል ገብቶ እንዳያጭበረብር ነው። የተጻፈው ግን "የመጣው ሆስት ከፒሩ ሆስት እኩል ካልሆነ" ተብሎ ነው፣ በቀጥታ፣ ቁጥር ከቁጥር ጋር። ሆስት ቁጥር በነበረበት ጊዜ ትክክል ነው። አሁን ግን አሬይ ነው፣ ሲ ደግሞ ሁለት አሬይ ስታወዳድር ውስጣቸው ያለውን አያይልህም፣ ሜሞሪ ላይ የተቀመጡበትን ቦታ ነው የሚያወዳድረው። ሁለት የተለያዩ አሬዮች አንድ ቦታ ሊቀመጡ አይችሉም። ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ "እኩል አይደሉም" ነው፣ አድራሻዎቹ ባይት በባይት አንድ ቢሆኑም። ኮዱ ትክክል ይመስላል፣ ኮምፓይል ይሆናል፣ እያንዳንዱን መልስ ግን በጸጥታ ይጥላል። የመጀመሪያው "ልገናኝ" ያለፈው ገና የሚታወቅ ፒር ስለሌለ ቼኩ ስለማይደረግበት ነው፣ ለዚህ ነው ግማሹ ሠርቶ ግማሹ የቆመው።

ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ከ12 ጀምሮ ለዚህ ዋርኒንግ አለው፣ እኔ ግን ቢልዱ ላይ ዋርኒንጎቹን ዘግቼ ነበር ምክንያቱም የሌሎች ላይብረሪዎች ዋርኒንግ ስክሪኑን ይሞላዋል። አሁን ቢያንስ ለኢኔት ፎልደር ሁሉንም ከፍቻለሁ።

መፍትሔው ሁሉንም ቦታ እየፈለጉ ሜምኮምፕ (ባይት በባይት ማወዳደር) ማድረግ ብቻ አይደለም። የተሻለው አሬዩን ስትራክት ውስጥ መክተት ነው። ስትራክት ሲሆን በእኩል ምልክት መስጠት ይፈቀዳል፣ ማወዳደር ግን ኮምፓይለሩ ጨርሶ አይፈቅድም፣ ኤረር ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ራሱ አንድ በአንድ እየቆጠረ የማወዳደሪያ ቦታዎቹን አወጣልኝ። አንድ ሰው ከአንድ አድራሻ ስንት ጊዜ እንደገባ የሚቆጥረው ጋም ያው ስህተት ነበር፣ እሱን በእጄ ብፈልግ አላገኘውም ነበር ምክንያቱም የሚታይ ችግር አያመጣም፣ ገደቡ በቃ አይሠራም።

አንድ "እኩል ናቸው ወይ" የሚል ፈንክሽን ጻፍኩ፣ ሁሉም ቦታ እሱን ነው የሚጠራው። እንደገና አስነሳሁት። "::1" ላይ፣ ማለትም በአይፒቪ6 ከራሱ ጋር፣ ተገናኘ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል ነው፣ እናቴ ደውላ እንኳን አደረሰህ አለችኝና ብዙ አወራን፣ ሥራ የጀመርኩት ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው።

የዛሬው ሶኬቱ ነው፣ ፓኬት የሚወጣበትና የሚገባበት በር። ሁለት ሶኬት ከፍቼ አንዱን ለ4 አንዱን ለ6 ላድርግ ወይስ አንድ ሶኬት ሁለቱንም ይያዝ? ኢኔት አንድ ሆስት አንድ ሶኬት ብሎ ነው የተገነባው፣ ስለዚህ አንድ የአይፒቪ6 ሶኬት ከፍቼ አይፒቪ4ቱንም በሱ አስገባለሁ። ይሄ ይቻላል፣ የአይፒቪ4 አድራሻው 10 ባዶ ባይት፣ ቀጥሎ ሁሉም ቢታቸው አንድ የሆኑ 2 ባይቶች፣ ከዚያ አራቱ ባይት ሆኖ የአይፒቪ6 ልብስ ለብሶ ይመጣል።

ሊኑክስ ላይ ወዲያው ሠራ። የአክስቴ ልጅ ዊንዶውስ ላይ አልሠራም፣ በአይፒቪ6 ይገባል በአይፒቪ4 አይገባም። ምክንያቱ አንድ ሶኬት ኦፕሽን ነው፣ "ቪ6 ብቻ" የሚባለው፦ ሊኑክስ ላይ ሲመጣ ጠፍቶ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ በርቶ። ስለዚህ ሁለቱም ጋ ራስህ ማጥፋት አለብህ፣ እሱም ባይንድ ከማድረግህ (ሶኬቱን ከፖርቱ ጋር ከማያያዝህ) በፊት፣ በኋላ ከሆነ ዋጋ የለውም። ኦፕን ቢኤስዲ ላይ ጭራሽ ሁለቱን ማዋሃድ አይቻልም ግን እዚያ የሚጫወት ሰው አላውቅም፣ ለጊዜው አልፌዋለሁ።

ሌላው፦ አንዳንድ ሰው ሲስተሙ ላይ አይፒቪ6ን ሙሉ በሙሉ ዘግቶታል፣ እዚያ ላይ ሶኬቱ ገና ሲከፈት ይከሽፋል። ያኔ ወደ አሮጌው የአይፒቪ4 ሶኬት እንዲመለስ አደረግኩ። ይሄንን ካልጨመሩ ትላንት ሲጫወት የነበረ ሰው ዛሬ አፕዴት አድርጎ ጌሙ አልነሳ ይለዋል፣ አይፒቪ6 ምን እንደሆነ እንኳን ሳያውቅ፣ ይሄ ትክክል አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ሉዋው በኩል። ላቭ ላይ ሰው አድራሻ የሚሰጠው በስትሪንግ ነው፣ ሆስት፣ ኮለን፣ ፖርት። ስትሪንጉን የሚቆርጠው ትንሽ የሲ ፈንክሽን አለ፣ ከግራ ፊደል በፊደል እየሄደ የመጀመሪያውን ኮለን ሲያገኝ "ከዚህ በኋላ ፖርት ነው" ይላል። የአይፒቪ6 አድራሻ ደግሞ ራሱ በኮለን የተሞላ ነው። "::1" ስትሰጠው ገና በመጀመሪያው ፊደል ሆስቱ አለቀ ብሎ ያስባል፣ ሆስት ባዶ ነው፣ አድራሻውን መቁረጥ አልቻልኩም ብሎ ኤረር ያወጣል።

መጀመሪያ ያሰብኩት የመጨረሻውን ኮለን ልውሰድ ነበር። አይሆንም። ሰው ፖርት ረስቶ አድራሻውን ብቻ ቢጽፍ የአድራሻው መጨረሻ ፖርት ሆኖ ይቆጠራል፣ ሌላ ቦታ ለመገናኘት ይሞክራል፣ ያ ደግሞ ለማግኘት ከባድ ባግ ነው። ስለዚህ ብራውዘሮች የሚያደርጉትን አደረግኩ፣ አድራሻው ካሬ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ [::1]:6789። ቅንፍ ከሌለው እንደ ድሮው ነው የሚነበበው፣ የማንም የቆየ ኮድ አይሰበርም። ከአንድ በላይ ኮለን ኖሮት ቅንፍ ከሌለው ግን "ቅንፍ አድርግበት" የሚል ግልጽ ኤረር። ፒርን ወደ ስትሪንግ የሚቀይረውም ቅንፍ እንዲጨምር አደረግኩ፣ አለበለዚያ አንተ ያወጣኸውን አድራሻ መልሰህ ማስገባት አትችልም።

ከዚያ ደግሞ ራሴ ጌም ውስጥ ያለው የአድራሻ መጻፊያ ሳጥን። የአክስቴ ልጅ አድራሻዬን ፔስት አደረገና "ግማሹ ተቆርጧል" አለኝ። ኮዱን ሳየው ከሁለት ዓመት በፊት 21 ፊደል ብዬ ገድቤዋለሁ። ለምን 21? 255.255.255.255:65535 ቁጠሩት፣ 21 ነው። ያኔ ከዚህ የሚረዝም አድራሻ የለም ብዬ ነው። አይፒቪ6 ሙሉው ሲጻፍ 39፣ ቅንፎቹ 2፣ ኮለን 1፣ ፖርት 5፣ በድምሩ 47። ያ 32 ቢት የሚለው ግምት ላይብረሪው ውስጥ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፣ እኔም ሳላስበው የመጻፊያ ሳጥን ውስጥ ሁሉ ዘርቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሙሉ ጌሙን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ሦስት ቦታ አገኘሁ፦ ሳጥኑ፣ ሴቭ ፋይሉ ውስጥ የቅርብ ሰርቨሮች ዝርዝር፣ እና ስኮርቦርዱ ላይ አድራሻ በነጥብ እየቆረጠ የመጨረሻውን ክፍል የሚደብቀው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

አጭር ማታ። የሰርቨር ስም ሲሰጥ ስሙ ሁለቱም ዓይነት አድራሻ ቢኖረውስ? የቱን ልሞክር? መጀመሪያ 6ን ከዚያ 4ን ካልን ችግሩ ኢኔት ተስፋ ለመቁረጥ ከ5 እስከ 30 ሰከንድ ይወስድበታል፣ አይፒቪ6 ያለው መስሎት የሌለው ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ስክሪን ያያል። ብራውዘሮች የሚያደርጉት አርኤፍሲ 8305 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) ላይ ተጽፏል፣ 6ን ትጀምርና 250 ሚሊሰከንድ ጠብቀህ መልስ ካልመጣ 4ንም ትጀምራለህ፣ ቀድሞ የተገናኘውን ይዘህ ሌላውን ትዘጋለህ። ኢኔት ውስጥ ይሄንን ማስገባት አልፈለግኩም፣ በሉዋ 40 መስመር በማይሞላ ኮድ ጨረስኩት።

በዚያው ሎካል ኔትወርክ ላይ ሰርቨር መፈለጊያውን አየሁት። እሱ የሚሠራው በብሮድካስት (ለሁሉም መላክ) ነው፣ አይፒቪ6 ደግሞ ብሮድካስት የለውም፣ መልቲካስት (ለተመዘገቡት ብቻ መላክ) ነው ያለው። አንድ ቤት ውስጥ አይፒቪ4 ሁልጊዜ ስላለ ባለበት ትቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ታንክስጊቪንግ ነው፣ ሥራ የለም፣ ቤተሰብ ጋ የምሄደው ማታ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለዚህ አዋልኩት። ፍራንክፈርት ግን ተራ የሥራ ቀን ነው፣ የአክስቴ ልጅ ከሥራ እስኪወጣ ጠበቅኩት።

አድራሻ ስላለን ብቻ አንገናኝም። ናት ባይኖርም ሁለታችንም ራውተር ላይ ፋየርዎል አለ፣ ከውጭ የመጣ ያልተጠራ ፓኬት አያስገባም፣ ማስገባትም የለበትም። ግን ከውስጥ ወደ ውጭ የሄደ ነገር ካለ መልሱን ያስገባል። ስለዚህ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ሌላው ብንልክ የኔ ራውተር "ይሄ ልጅ ወደዚያ ልኳል፣ እንግዲህ መልሱ ነው" ይላል፣ የሱም እንደዚያው። የሚያስፈልገው አንዳችን የሌላውን አድራሻና ፖርት የሚነግረን ሦስተኛ ሰው ነው፣ ለዚያ ኦሪገን ያለው ሰርቨር አለ፣ አስተዋውቆን ይወጣል።

ይሄ ነገር በአይፒቪ4ም ይሞከራል፣ ግን እዚያ ናቱ ፖርትህን ይቀይረዋል፣ አንዳንዱ ናት ለእያንዳንዱ መድረሻ ሌላ ፖርት ይሰጣል፣ እኛ ሁለታችን ጋ ሞክረን ጨርሶ አልሆነም ነበር። በአይፒቪ6 የላክህበት ፖርት ያው ፖርት ሆኖ ነው የሚወጣው። ሰርቨሩ ያየውን የአክስቴ ልጅም ያየዋል። ኢኔት ላይ "አንኳኳ" ያልኩት አንድ አዲስ ፈንክሽን ጨመርኩ፣ በዚያው በራሱ የኢኔት ሶኬት አንድ ባይት ይልካል። ኢኔት ከሄደሩ ያነሰ ፓኬት ሲደርሰው ስለሚጥለው ምንም አያበላሽም፣ ሥራው ፋየርዎሉን መክፈት ብቻ ነው። በየ100 ሚሊሰከንዱ አሥር ጊዜ ያንኳኳል ከዚያ ትክክለኛው ግንኙነት ይጀምራል።

ተገናኘን! ስሙ ስክሪኔ ላይ ወጣ። ከዚያ ሜዳው መጫን ጀመረና ቆመ። እሱ ጋ "ሜዳ በመጫን ላይ" ይላል፣ አይነቃነቅም። ዘጋን ከፈትን፣ ያው። ቻት ይሠራል። ትንሽ ነገር ያልፋል ትልቅ ነገር አያልፍም።

ትንሽ አልፎ ትልቅ ሲቀር ሳይዝ ነው። ኢኔት ትልቅ ዳታ ሲልክ 1392 ባይት እያደረገ ይቆርጠዋል። ዩዲፒ 8 ይጨምራል፣ አይፒቪ4 ደግሞ 20፣ 1420 ይሆናል። አይፒቪ6 ግን ሄደሩ 40 ነው፣ 1440። "አንተ ቪፒኤን ላይ ነህ?" አልኩት። "ኧረ አዎ፣ የሥራው በርቶ ቀርቷል" አለኝ። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ነው፣ ዋየርጋርድ ሲመጣ የፓኬት ልኩ 1420 ነው። በአይፒቪ4 ልክ በአፍንጫው ያልፍ ነበር፣ በአይፒቪ6 በ20 ባይት በለጠ።

እሱስ ቢሆን ለምን ዝም ብሎ ጠፋ? አይፒቪ6 ላይ በመሃል ያሉ ራውተሮች ፓኬት አይቆርጡም፣ "ይሄ በዝቷል፣ ልኩ ይሄ ነው" የሚል መልእክት በአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ችግር መልእክቶች የሚሄዱበት) ወደ ላኪው ይመልሳሉ፣ ላኪው አሳንሶ ይልካል። የኔ ላፕቶፕ ፋየርዎል ላይ ከዓመታት በፊት ከአይፒቪ4 ሕጎች የገለበጥኳቸው መስመሮች ነበሩ፣ ፒንግና መልሱን ፈቅደው ይሄንን "በዝቷል" የሚለውን የአይሲኤምፒ መልእክት የሚጥሉ። መልእክቱ ሲመጣ በሬ ላይ ነው የሚጣለው። አይፒቪ4 ላይ ብዙ ጊዜ አይታወቅብህም፣ አይፒቪ6 ላይ ግን አይሲኤምፒን መዝጋት አይቻልም፣ ጎረቤት ማፈላለጉም የሚሠራው በሱ ነው። መስመሮቹን አጠፋኋቸው፣ ወዲያው ሜዳው ተጫነ።

ግን ሌላውን ተጫዋች ሁሉ ፋየርዎልህን አስተካክል ልለው አልችልም። አይፒቪ6 ያለው መንገድ ሁሉ ቢያንስ 1280 ባይት ማሳለፍ ግዴታው ነው፣ ስለዚህ 1280 ሲቀነስ 48፣ 1232። ለአይፒቪ6 ፒር የኢኔቱን ልክ 1232 አደረግኩት። ሜዳው ለመጫን ጥቂት ፓኬት ይበልጣል፣ ማንም አያስተውለውም። የአክስቴ ልጅ ቪፒኤኑን ሳያጠፋ፣ እኔ የድሮውን የተበላሸ ፋየርዎል መልሼ፣ ሞከርን። ገባ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እኔ ጋ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ እሱ ጋ ከምሽቱ 3። ቪፒኤን የለም፣ በቀጥታ ከቤት ለቤት። የላይኛው ጥግ ላይ ያለው ፒንግ 121 ይላል።

ልዩነቱን በቁጥር አላስረዳውም። ጌሙ ውስጥ ኳሷ ድንጋዩን ስትመታ የምታወጣው ድፍን ያለ ድምፅ አለ፣ የእውነት ካልሲ ኳስ ሠርቼ በስልክ ቀድቼው ነው ያስገባሁት፣ እስከ ዛሬ እሱ ጋ ያ ድምፅ የሚሰማው ኳሷ ከተመለሰች በኋላ ነበር። ዛሬ መታሁ፣ ድንጋዩን መታች፣ በስልኩ ስፒከር ውስጥ የሱ ኮምፒውተር ያንኑ ድምፅ ሲያወጣ ከኔ ጋር ሊገጥም ትንሽ ነው የቀረው። "ሰማኸው?" አለኝ። ሰምቻለሁ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወትን፣ 11 ለ 8 አሸነፈኝ፣ ድሪብል ማድረግ እንደሚችል አላውቅም ነበር ምክንያቱም በ260 ማንም አይችልም።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ታናሽ ወንድሜ ጀሞ ነው፣ "እኔስ?" ብሎ ጻፈልኝ። እሱ ቤት የሚደርሰው አይፒቪ4 ብቻ ነው፣ ይሄ ሁሉ ሥራ በቀጥታ ለሱ ምንም አላደረገለትም። በሪሌይ ነው የሚገባው፣ ሪሌዩ ደግሞ ኦሪገን ነው።

ግን ዛሬ ጠዋት ሳስበው ሪሌዩ ኦሪገን የተቀመጠው ለእኔና ለአክስቴ ልጅ ተብሎ ነበር፣ ርካሽም ስለነበረ። አሁን እኛ ለማስተዋወቅ ካልሆነ አንፈልገውም። የሚፈልገው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ኦሪገኑን ዘጋሁና ፍራንክፈርት ላይ አዲስ ተከራየሁ፣ የአዲስ አበባ ትራፊክ ወደ አውሮፓ መድረሱ ካልቀረ ለምን ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ሄዶ ይመለሳል። አዲሱ ሪሌይ ከወንድሜ ጋር በአይፒቪ4 ከእኛ ጋር በአይፒቪ6 ያወራል፣ አንዱ ሶኬት ሁለቱንም ስለያዘ ሪሌዩ ላይ አንድም መስመር ኮድ አልቀየርኩም። ከሱ እስከ አክስቴ ልጅ ያለው ፒንግ ከ400 በላይ የነበረው 170 አካባቢ ሆነ። "አቦ አሁን ኳስ ሆነ" ብሎ ጻፈልኝ፣ ከዚያ እናቴ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንዲተኛ አድርጋለች፣ እዚያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር።

የቀሩ ነገሮች። የባን ዝርዝሩ ገና ነው፦ አይፒቪ6 ላይ አንድ ኮምፒውተር አድራሻውን በየቀኑ ሊቀይር ስለሚችል አንዱን አድራሻ ማገድ ትርጉም የለውም፣ የመጀመሪያዎቹን 64 ቢት ማገድ አለብኝ፣ ያ ማለት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ሙሉ ስለሆነ ወንድምህ ስላጠፋ አንተም ትታገዳለህ፣ ስለዚህ ከቋሚ ይልቅ በሰዓት የሚያልቅ አደርገዋለሁ። ከዚያ የአይፎኑ ቢልድ አለ። አፕል ከሰኔ 2016 ጀምሮ አፕ ሁሉ አይፒቪ6 ብቻ ባለው ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ ያስገድዳል፣ ያንን መሞከሪያ የቆየችው ማክቡኬ ላይ አለ፣ ኦፕሽን ቁልፉን ይዘህ የኢንተርኔት ሼሪንግ ሴቲንጉን ስትከፍት ናት64 (አይፒቪ6 ብቻ ሆኖ ወደ አይፒቪ4 የሚተረጉም) ኔትወርክ የሚፈጥር ምርጫ ይመጣል። ስልኩን እሱ ላይ አገናኝቼ የሰኞ ማታ ሥራዬ እሱ ነው።